እንሂድ ወይስ አንሂድ?

ባለፈው ዓመት የወጣቶች ኅብረታችን ለወንጌል ጉዞ ሲዘጋጅ አራት ሜትር የሚሆን ባነር አሳተምን። ርእሱ አንድ ቃል ነበር፤ ‹እንሂድ!›። ዲዛይኑን የሠራው ከመካከላችን አንዱ ነው፤ በስልኩ፣ ሌሊት፣ መብራት በጠፋበት ሰዓት። ጥቁርና ብርቱካን፤ ፊደሉ እንደ ጡብ የወፈረ፣ ጫፉ ሁሉ በስለት የተቆረጠ የሚመስል። ሁላችንም ወደድነው። እኔም ወደድሁት። ይህን አስቀድሜ መናገር አለብኝ፤ ከዚህ በኋላ የምጽፈው ትችት መጀመሪያ የሚነካው እኔኑ ነውና። ባነሩ በግቢው አጥር ላይ በተሰቀለ ማግሥት፣ ከጉባኤው ሽማግሌዎች አንዱ ከመንገዱ ማዶ ቆመው፣ በእጃቸው ፀሐዩን ጋርደው ሲያዩት ደረስሁ።

«አስተማሪ፣» አሉኝ፣ «ልጆቹ ምን ሆነው ነው? ለምንድን ነው አንሂድ የሚሉት?»

ሳቅሁ። ከዚያ እርሳቸው በቆሙበት ቆሜ ቀና ብዬ አየሁትና ሳቄ ቆመ። እውነትም ከዚያ ርቀት ላይ ‹አንሂድ› ይላል። ‹እ›ን ከ‹አ› የምትለየው ቅንጣት ጭረት በውፍረቱ ውስጥ ተውጣለች። በአማርኛችን ደግሞ በ‹እንሂድ› እና በ‹አንሂድ› መካከል ያለችው ያቺ ጭረት ብቻ ናት። እንመን፣ አንመን፤ እንፍራ፣ አንፍራ። ስንትና ስንት ቋንቋ እንቢታን ለመናገር አንድ ሙሉ ቃል ያቆማል፤ የእኛ አንዳንድ ጊዜ በጥፍር በምታህል ጭረት ይጨርሰዋል።

ፊደሉን ታውቁታላችሁ። ስሙን ባታውቁት እንኳ በየቀኑ ታዩታላችሁ፤ በኮንፈረንስ ፖስተር፣ በመዘምራን ቲሸርት፣ በዩቲዩብ ስብከት ሽፋን፣ በባጃጅ ጀርባ በተለጠፈ ጥቅስ ላይ። ባለሙያዎች ‹ጂኦሜትሪክ ሳንስ ሰሪፍ› ይሉታል። ሰሪፍ ማለት በላቲን ፊደል ራስና እግር ላይ ወጣ የምትል ትንሽ ጫፍ ናት፤ ሳንስ ማለት ‹የሌለው› ነው። ጂኦሜትሪክ የተባለው ደግሞ በኮምፓስና በማስመሪያ የተሠራ ስለሚመስል ነው፤ ክቡ ክብ፣ ቀጥታው ቀጥታ፣ ውፍረቱ ከላይ እስከ ታች አንድ ዓይነት። ይህንኑ አወፍራችሁ ‹ቦልድ› ስታደርጉት የባነራችን ፊደል ይወጣል።

ይህ መልክ ገንኖ የወጣው ከመቶ ዓመት ገደማ በፊት በጀርመን ነው። ፓውል ሬነር የተባለ ሰው ‹ፉቱራ› ብሎ የሰየመውን ፊደል ነደፈ፤ በፍራንክፈርት የሚገኘው የባወር ፊደል ማምረቻ በ1927 እ.ኤ.አ. ለገበያ አወጣው። ስሙ በላቲን ‹የሚመጣው ዘመን› ማለት ነው። ሬነር ራሱ ከናዚዎች ጋር አልተስማማም፤ በ1933 እ.ኤ.አ. ተይዞ ከማስተማር ሥራው ተባሯል። ፊደሉ ግን ሩቅ ሄደ፤ በ1969 እ.ኤ.አ. አፖሎ 11 ጨረቃ ላይ ትታ የመጣችው የብረት ሰሌዳ የተጻፈችው በፉቱራ ነው።

ስለ ፉቱራ መታወቅ ያለበት ትልቁ ነገር ግን የጨረቃው ጉዞ አይደለም። ፉቱራ የኮምፓስ ሥራ ይመስላል እንጂ አይደለም። ‹ኦ›ው ፍጹም ክብ የሚመስለን ሬነር ለዓይናችን ሲል ስላስተካከለው ነው። ክቡ ከቀጥታው ጋር በሚገናኝበት ቦታ መስመሩ ይቀጥናል፤ ካልቀጠነ መጋጠሚያው ላይ ቀለም ተጠራቅሞ ጥቁር ቋጠሮ ይሆናል። ይህን ሳያውቁ ኮምፓስ ብቻ ይዘው የሚነሡ ሰዎች ፊደል አይሠሩም፤ የቱቦ ቅርጽ ይሠራሉ። የባነራችን ፊደል እንዲህ ያለ የቱቦ ሥራ ነበር። ማን እንደ ሠራው አላውቅም፤ ከአንድ የስልክ መተግበሪያ ውስጥ በነጻ የተገኘ ነው።

በዚያው በ1927 እ.ኤ.አ. ሌላ ጀርመናዊ ‹ካበል› የተባለ ተመሳሳይ ፊደል አወጣ። ሩዶልፍ ኮኽ ይባላል፤ በኦፈንባኽ ከተማ ለክሊንግሽፖር ፊደል ማምረቻ ይሠራ ነበር። አጥባቂ የሉተራን አማኝ ነው፤ የብዕር ሰው። ካበልም በክብና በቀጥታ መስመር የቆመ ነው፤ ነገር ግን ትንሿን ‹ኢ› ብታዩ መሃሏ ያለችው መስመር አግድም አልተኛችም፣ ወደ ላይ ዘንበል ብላለች። የመስመሮቹም ጫፍ ሰያፍ ተቆርጧል። የሰው እጅ እዚያ እንደ ነበረ ታውቃላችሁ። ሁለቱን አስተያይቼ ፍረድ ብባል ለመንገድ ሰሌዳ ፉቱራን፣ ለመዝሙር መጽሐፍ ሽፋን ካበልን እመርጣለሁ። ፉቱራ ያስታውቃል፤ ካበል ይናገራል።

ኮኽን ያነሣሁት ግን በሌላ ሥራው ምክንያት ነው። በ1923 እ.ኤ.አ. ‹ኖይላንድ› የተባለ እጅግ ወፍራም ፊደል ሠርቷል። በወረቀት ላይ ሳይነድፍ በቀጥታ ብረት ላይ ነው የቀረጸው፤ ስለዚህ ከእንጨት በመጥረቢያ የተፈለጠ ይመስላል። ትርጉሙ ‹አዲስ መሬት› ነው። (የጋምቤላ ልጅ እዚህ ላይ ፈገግ ማለቱ አይቀርም፤ ከከተማችን ሰፈሮች አንዱ ኒውላንድ ነውና።) ኮኽ አፍሪካን አላሰበም። ከእርሱ በኋላ የመጡ የማስታወቂያ ሰዎች ግን ፊደሉን የሳፋሪ፣ የጫካ፣ የከበሮ፣ የአንበሳ ምልክት አደረጉት፤ በ1993 እ.ኤ.አ. የወጣው የዳይኖሰሮች ፊልም ‹ጁራሲክ ፓርክ› ርእሱ የተጻፈው በእርሱ ነው። ዛሬ አንድ ወጣት በስልኩ ‹የአፍሪካ ፎንት› ብሎ ቢፈልግ የሚያገኘው ይህንኑ ኖይላንድን ወይም ልጆቹን ነው፤ የሜዳ አህያ ዝንጉርጉር ጨምረውበት። በአንድ ኮንፈረንስ ላይ ‹አፍሪካ ለክርስቶስ› የሚል ቲሸርት በዚህ ዓይነት ፊደል ታትሞ አይቻለሁ። የለበሱት ልጆች ከአንድ ሺህ አምስት መቶ ዓመት በላይ የተጻፈበት የራሱ ፊደል ባለው አገር የተወለዱ ናቸው። ልጆቹን አልወቅስም። እኔ ራሴ በኮሌጅ ሳለሁ ለክርስቲያን ተማሪዎች ኅብረት በራሪ ወረቀት በዚሁ ፊደል ሠርቼ ‹አሪፍ› ተብዬበታለሁ።

ወደ ፊደላችን ልመለስ፤ ዋናው ነገር ያለው እዚያ ነውና።

የግእዝ ፊደል የብዕር ልጅ ነው። ጸሐፊው መቃውን ቀርጾ፣ ጫፉን ጠፍጣፋ አድርጎ፣ በብራና ላይ ሲጥለው ቁልቁል የሚወርደው መስመር ይወፍራል፣ አግድም የሚሄደው ይቀጥናል። ይህ ውፍረትና ቅጥነት ለጌጥ አልመጣም፤ ከመሣሪያው የመጣ ነው፤ ከመጣ በኋላ ግን አገልግሎት ሰጠ። ወፍራሙ የፊደሉን አካል ተሸከመ፣ ቀጭኑ ልዩ ምልክቱን አሳየ። ዮሐንስ ፖትከን የተባለ ጀርመናዊ በ1513 እ.ኤ.አ. ሮም ላይ የግእዝ መዝሙረ ዳዊትን ሲያሳትም፣ ማለትም ግእዝ ለመጀመሪያ ጊዜ ማተሚያ ውስጥ ሲገባ፣ የብረቱ ፊደል የብዕሩን መልክ ተከትሎ ነው የተቀረጸው። በ1914 ዓ.ም. የተቋቋመው ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት ካሳተማቸው የቆዩ መጻሕፍት አንዱን ከአያቶቻችሁ ሣጥን ብታወጡ ያንኑ የብዕር ጥላ ታያላችሁ። በኮምፒዩተር ዘመንም ከማይክሮሶፍት ጋር የመጣው ‹ኒያላ› እና ኤስ አይ ኤል የተባለው ድርጅት በነጻ የሚያድለው ‹አቢሲኒካ› የዚህ ወገን ናቸው።

ጂኦሜትሪው ሲመጣ ግን ቁልቁሉም አግድሙም እኩል ይወፍራል። በላቲን ይህ ብዙ አይጎዳም፤ ሃያ ስድስቱ ፊደሎች እርስ በርሳቸው በአካላቸው ይለያያሉ። የእኛ ሠላሳ ሦስት ፊደል በሰባት ተባዝቶ 231 ነው፤ ሰባቱን ወንድማማቾች የሚለያያቸው ደግሞ ትንሽ ነገር ነው። ካዕቡ ብዙውን ጊዜ ወገቡ ላይ ጭረት አለው፤ ሣልሱ እግሩ ሥር፤ ኃምሱ እግሩ ሥር ቀለበት። ‹ሂዱ› ለብዙዎች ነው፣ ‹ሂዲ› ለአንዲት ሴት። ያቺን ጭረት ካወፈራችኋት ወገብና እግር መካከል ያለው ክፍተት ይጠብና ማን እንደ ታዘዘ አይታወቅም። የ‹ቤ› ቀለበት ውስጡ ከተደፈነ ‹ቢ› ይመስላል። ‹መ› ደግሞ ሁለት ክቦች ጎን ለጎን ናቸው፤ ክቦቹ በሚገናኙበት ቦታ ሬነር እንዳደረገው መስመሩን ያላቀጠነ ሰው ‹መ›ን መነጽር ያደርገዋል።

ፊደላችን ለጂኦሜትሪ አይሆንም እያልሁ እንዳይመስላችሁ። እንዲያውም ‹ዐ›ን እዩት፤ ከእርሱ የበለጠ ክብ ማን አለ? ‹ቀ›፣ ‹ወ›፣ ‹መ›፣ ‹ፀ› ክብ ይወዳሉ፤ ‹በ›፣ ‹ሰ›፣ ‹ለ› እግራቸው ቀጥ ያለ ነው። በአዲስ አበባ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት የፊደል አጣጣል ያስተማሩት ይገዙ ብሥራት ይህን ቀድመው አውቀዋል፤ ሰናምርምር የተባለው ፕሮጀክት በነጻ ካሠራጫቸው የኮምፒዩተር ፊደሎች አንዱ ‹ይገዙ ብሥራት ጎቲክ› ተብሎ በስማቸው ተሰይሟል። የአገር ባለሙያ ስም በፎንት ዝርዝር ውስጥ ሳይ ደስ ይለኛል። ስማቸውን ሳያውቁ የሚጠቀሙበት ሰዎች ብዙ እንደሆኑ ግን እገምታለሁ።

አሁን በእጃችሁ ወዳለው እንምጣ። ብዙዎቻችሁ አማርኛን በአንድሮይድ ስልክ የምታነቡት ጉግል ባሠራው ‹ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ› ነው። ‹ኖቶ› የሚለው ስም ራሱ ቀልድ አለበት፤ ስልክ የማያውቀው ፊደል ሲመጣበት የሚያሳየውን ባዶ ሣጥን እንግሊዝኛ ተናጋሪ ባለሙያዎች ‹ቶፉ› ይሉታል፣ እንደ አኩሪ አተር አይብ ቁራጭ ስለሚመስል፤ ኖቶ ማለት ‹ቶፉ ይቅር› እንደ ማለት ነው። ዓላማው ለዓለም ቋንቋዎች ሁሉ ሣጥን የማያሳይ ፊደል ማዘጋጀት ነው። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ፍጹም ጂኦሜትሪክ አይደለም፣ ግን የዚያው ቤተሰብ ነው፤ ጫፉ ድፍን፣ ውፍረቱ ከሞላ ጎደል እኩል። ከቀጭኑ እስከ እጅግ ወፍራሙ ዘጠኝ ውፍረቶች አሉት።

በተራው ውፍረቱ ላይ ምንም ቅር አይለኝም። ክፍተቶቹ ሰፊ ናቸው፤ በትንሽ ስክሪን ላይ ጭረቱ ከጭረቱ ይለያል። ቦልዱም ለርእስ ያገለግላል። እጅግ ወፍራሙ ግን፣ በእኔ ዓይን፣ ከአንድ ወይም ከሁለት ቃል በላይ ሊሸከም አይችልም። ትልቅ አድርጋችሁ ስታትሙት ግርማ አለው፤ ‹ሰላም› ብላችሁ በሱ ብትጽፉ ቃሉ ግድግዳ ሆኖ ይቆማል። ስታሳንሱት ደግሞ ሁሉም ፊደል ወደ አንድ ጥቁር አራት ማዕዘን ይጠጋል። የብዕሩ ሙቀት የለውም። አንድ የመዘምራን አባል «ይሄ ፎንት የመንግሥት ደብዳቤ ነው የሚመስለው» ሲል ሰምቼ ነበር፤ ፍርዱ ጨካኝ ቢሆንም ሐሰት አልለውም። ለእኔ ጉድለቱ ይህ ነው፤ በጥንቃቄ የተሠራ ነው፣ ማንንም አያሳስትም፣ ማንንም ግን አያባብልም።

ታዲያ ወፍራሙን የት እናውለው? እኔ በተሞክሮ የደረስሁበትን ልንገራችሁ። ሰሌዳ ሠሪዎች የሚጠቀሙበት አንድ መለኪያ አለ፤ ለየሦስት ሜትር ርቀት የፊደሉ ቁመት ሁለት ሴንቲ ሜትር ተኩል ይሁን ይላሉ። ከሠላሳ ሜትር ሊነበብ ከተፈለገ ሃያ አምስት ሴንቲ ሜትር መሆኑ ነው። መለኪያው ለላቲን ፊደል ደህና ነው። የእኛ ባነር ግን ይህን መለኪያ አልፎ ሳለ ወድቋል! ፊደላችን ግማሽ ሜትር ቁመት ነበረው፤ ‹እ›ን የምታሳውቀው ጭረት ግን ሦስት ጣት አትሞላም ነበር፣ እርሷም ከግንዱ ጋር ተለጥፋለች። ለፊደላችን መለካት ያለበት የፊደሉ ቁመት ሳይሆን ትንሿ ጭረትና በዙሪያዋ ያለው ባዶ ቦታ ነው። ጭረቷ ከሩቅ ካልታየች ፊደሉ ዛፍ ቢያህል አልተነበበም።

የጋምቤላን ፀሐይም አትርሱ። እኩለ ቀን ላይ የባነር ሸራ ያብረቀርቃል፤ ከባሮ ድልድይ በኩል ስትመጡ ዓይናችሁ ገና ከብርሃኑ ጋር እየታገለ ነው። እዚህ ላይ ወፍራም ፊደል ጥቅም አለው፤ ቀጭኑ የብዕር መስመር በብርሃን ይበላል። ከጥቂት ወራት በኋላ ቀለሙ ሲገረጣም ወፍራሙ ይቆያል። ስለዚህ ለመንገድ፣ ለአጥር፣ ለጀልባ ጎን፣ ለቲሸርት ጀርባ ወፍራሙን እመርጣለሁ፤ ቃሉ አጭር ከሆነ፣ በፊደሎቹም መካከል አየር ከተተወ። በተለይ ዲዛይነሮቻችን ፊደል ከፊደል ማጣበቅ ትወዳላችሁ። ላቲኑ ላይ አይታችሁት ነው። በአማርኛ ግን የአንዱ ካዕብ ጭረት የጎረቤቱን ግንድ ይነካና አዲስ ፊደል ይወለዳል።

ለመዝሙር ፕሮጀክተር ግን አይሆንም። በየሳምንቱ የምናየው ነው፤ ስድስት መስመር ሙሉ በቦልድ፣ ከኋላው ፏፏቴ ወይም የፀሐይ መጥለቂያ ፎቶ። አምፖሉ የደከመ ፕሮጀክተር ነጩን ፊደል ያብጠዋል፤ ያበጠ ወፍራም ደግሞ ቀለበቱ ሁሉ ይዘጋል። ከኋላ ወንበር የተቀመጡት እናቶች ስንኙን በቃላቸው ስለሚያውቁት ይዘምራሉ፤ እኛም ‹ይነበባል› ብለን እንቀጥላለን። አዲስ መዝሙር በመጣ ቀን ነው ጉዱ የሚታየው፣ ከፊት ያለው ግማሽ ጉባኤ ይዘምራል፣ ከኋላ ያለው ያጉረመርማል። ተራውን ውፍረት፣ በጠቆረ ጀርባ፣ አራት መስመር፤ ሌላ ምሥጢር የለውም።

የኀዘን ማስታወቂያም አለ። አንድ የኅብረታችን ልጅ ወንድሙን ባጣ ጊዜ የመታሰቢያ ወረቀቱን የሠራነው ለእግር ኳስ ውድድር በተጠቀምንበት ፊደል ነበር፤ በችኮላ፣ ስልኩ ላይ የነበረው እርሱ ስለሆነ። የሟቹ ስም እንደ ተጫዋች ስም ጮኸ። ማንም አልተናገረም፤ እኔ ግን ወረቀቱን ባየሁ ቁጥር እሸማቀቃለሁ። የድሮ ጸሐፊዎች ‹ቦልድ› አልነበራቸውም፤ ማክበር ያለባቸውን ስም በቀይ ቀለም ይጽፉ ነበር፣ ሳያወፍሩ፣ ድምፅ ሳይጨምሩ። ከዚህ የምንማረው አለ ብዬ አምናለሁ፤ ማድመቅ ሁሉ ማወፈር አይደለምና።

እስካሁን ያወራሁት ስለ አማርኛ ነው። በጋምቤላ ግን ባነር በአንድ ቋንቋ አይሰቀልም። ያ የእኛ ባነር ከአማርኛው ሥር በኑዌርኛና በአኙዋክኛ የተጻፈ መስመር ነበረው፤ ሁለቱም በላቲን ፊደል ነው የሚጻፉት። ዋናው ስብራት የደረሰው እዚያ ነው፤ እኔም እስኪነገረኝ አላየሁትም።

ነገሩ ወደ ኋላ ይሄዳል። በ1928 እ.ኤ.አ. በደቡብ ሱዳን፣ በነጭ ዓባይ ዳር ባለችው ረጃፍ ላይ የቋንቋ ጉባኤ ተደረገ፤ የመንግሥት ሰዎች፣ የወንጌል መልእክተኞችና የቋንቋ ሊቃውንት ተሰበሰቡ። ኑዌርኛን ጨምሮ የአካባቢው ቋንቋዎች በላቲን እንዴት ይጻፉ የሚለው እዚያ መልክ ያዘ። ተራው ላቲን የማያውቃቸው ድምፆች ስላሉ ተጨማሪ ፊደሎች ገቡ፤ እግሯ ወደ ታች የታጠፈ ‹ኤን›፣ የተገለበጠ 3 የምትመስል ‹ኢ›፣ በግራ በኩል የተከፈተች ‹ኦ›። አንዳንድ አናባቢዎች ደግሞ ከሥራቸው መስመር ይሰመርባቸዋል፤ ድምፁ ትንፋሽ ያለበት መሆኑን ለማሳየት ነው። ልብ በሉ፤ ፉቱራና ካበል የወጡት ከዚህ ጉባኤ አንድ ዓመት ብቻ ቀድመው ነው። አውሮፓ ለሚመጣው ዘመን ፊደል እየቀረጸች በነበረችበት ሰሞን የኑዌር ፊደልም እየተወለደ ነበር፤ ግን አንዱ ሌላውን አላወቀም። በየመተግበሪያው ያሉት ብዙ ቄንጠኛ ወፍራም ፊደሎች እስከ ዛሬ እነዚህን ተጨማሪ ፊደሎች አልያዙም።

ስለዚህ ምን ሆነ? በኑዌርኛው መስመር ውስጥ ቤትን፣ መንደርን፣ አብሮ መኖርን የሚያመለክተው ‹ቺየንግ› የሚለው ቃል ነበረ። መጨረሻው ያቺ እግሯ የታጠፈ ‹ኤን› ናት። በባነራችን ላይ በእርሷ ቦታ ባዶ ሣጥን ቆሟል። የተገለበጠችው 3 ደግሞ ከሌላ ፎንት ተበድራ ስለ ገባች፣ በወፍራሞቹ መካከል ቀጭን ሆና፣ እንደ ታመመ ልጅ ቆማለች። ከሥር የሚሰመሩት መስመሮች ግን ፈጽመው የሉም። የታተመበት ቤት ያሉትን ልጆች ስጠይቅ «ስሕተት መስሎን አጠፋነው፤ ቃል መሃል አንዷን ፊደል ብቻ ማን ያሰምራል?» አሉኝ። በክፋት አይደለም፤ እንደ እነርሱ ግምት አሳምረውልን ነው።

ያየችው አንዲት የመዘምራን እኅት ናት። ለሦስት ቀን ዝም ብላለች። ስትናገር እንኳ ድምፅዋን አላነሣችም፤ «በእኛ ቋንቋ ሣጥን ጻፋችሁበት» ነው ያለችው። የባነሩ አማርኛ ተቃራኒውን ተናግሮ ሽማግሌው ጠየቁ፤ ኑዌርኛው ሣጥን ተናግሮ ማንም አልጠየቀም። ሁለቱ ስሕተቶች በአንድ ሸራ ላይ ነበሩ፣ የመጣንበት ፍጥነት ግን እኩል አልነበረም።

መፍትሔው በእጃችን ነበር። ኤስ አይ ኤል ‹አንዲካ› የሚባል ነጻ ፊደል አለው፤ ስሙ በስዋሂሊ ‹ጻፍ› ማለት ነው፣ የተሠራውም ገና ማንበብ ለሚማሩ ሰዎች ነው። ጫፉ ሳንስ ነው፣ ወፍራምም አለው፣ ከሥር የሚሰመሩትንም ሆነ ተጨማሪዎቹን የአፍሪካ ፊደሎች ያውቃል። የላቲኑ ኖቶ ሳንስም እንዲሁ። አንዲካ መልኩ ትንሽ የትምህርት ቤት ሽታ አለው፤ ለፖስተር የሚያስጎመጅ አይደለም፤ ግን ትንሹን ‹ኤል›ና ትልቁን ‹አይ› እንዳይምታቱ አድርጎ የሠራ እጅ ሌላውንም አስቦበታል። አንድ ነገር ተጠንቀቁ፤ ሁሉንም በትልቅ ፊደል ስትጽፉ የታጠፈችው ‹ኤን› ሁለት መልክ አላት። ብዙ ፎንቶች በሰሜን አውሮፓ ያሉት የሳሚ ሕዝብ የሚጽፉበትን መልክ ያወጣሉ፤ በአፍሪካ የተለመደው ትንሿ ፊደል ራሷ አድጋ የምትታይበት ነው። ቋንቋውን የሚያነብ ሰው ሳያይላችሁ አታሳትሙ።

ዲዛይኑን የሠራው ልጅ ከእኔ ጋር አልተስማማም፤ ክርክሩን ሳልጽፍ ብቀር ግፍ ይሆንብኛል። «አስተማሪ፣» አለኝ፣ «አንተ ያልከውን ሁሉ ብንሰማ ባነራችን የጤና ጣቢያ ማስታወቂያ ይሆናል። ወጣት ቆሞ የሚያየው ወፍራሙን ነው። ቆሞ ካላየ ምን ያነባል?» እውነት አለው። በቦነስ አይረስ ጁሊዬታ ኡላኖቭስኪ የተባለች ዲዛይነር የሰፈሯን የሞንሴራት አሮጌ የሱቅ ጽሑፎች አይታ ‹ሞንሴራት›ን ሠርታለች፤ ዛሬ እኛም እንግሊዝኛ ፖስተር በእርሱ እንጽፋለን። የህንድ ባለሙያዎችም ‹ፖፒንስ›ን ሲሠሩ የራሳቸውን ዴቫናጋሪ ፊደል በጂኦሜትሪ ከላቲኑ ጋር እኩል አቁመውታል። ስለዚህ የልጁ ጥያቄ ወፍራሙን እንተው አይደለም፤ ለእኛም የሚሆን ይሠራ ነው። እርሱ አሁን ከገበያው የሱቅ በሮች ላይ በቡሩሽ የተጻፉ ፊደሎችን በስልኩ ፎቶ እያነሣ ይሰበስባል። ‹እ›ን ብቻ ከሃያ በላይ ዓይነት ሰብስቧል። ከእነርሱ በአንዱ፣ በአንድ የጸጉር ቤት በር ላይ፣ ጭረቷ ሆን ተብላ ረዝማ ከግንዱ ወጥታለች፤ ቡሩሹን የያዘው ሰው እኛ በባነር የተማርነውን ያለ ባነር ያውቅ ነበር።

ለዘንድሮው ባነር ከማሳተማችን በፊት በወረቀት አትመን ግድግዳ ላይ ለጠፍነው። እኩለ ቀን ላይ፣ አርባ እርምጃ ርቀን፣ ሦስት ሰዎች አስነበብን፤ ያን ሽማግሌ፣ አንድ የሁለተኛ ክፍል ልጅና ያችን እኅት። ሽማግሌው ‹እንሂድ› ብለው አነበቡ፣ ደግመውም አነበቡት። ልጁ ‹ሂድ›ን ቀድሞ አነበበና ወደ ፊቱ ተመለሰ። እኅታችን ኑዌርኛውን በአንድ ትንፋሽ ጨረሰችው፤ ሣጥን የለም፣ መስመሮቹ በቦታቸው ናቸው። ከዚያ ትንሽ ቆይታ፣ «ለምንድን ነው ከአማርኛው ግማሽ ያህል ያነሰው?» ብላ ጠየቀችኝ።

መልስ አልነበረኝም። ልጁ ስልኩን አውጥቶ መስመሮቹን እኩል አደረጋቸው፤ አኙዋክኛውንም ጨምሮ። ሸራው በአንድ ሜትር ረዘመ፤ ለጭማሪው ገንዘብ እያዋጣን ነው።